ቡሬ ከብዳለች

«ዛሬም ባዶ ናት፣ አላረገዘችም ከተባለ ባለልኳንዳው ይወስዳታል። እኛም በረቱን ዘግተን ከተማ እህትሽ ዘንድ እንገባለን» አሉ አባቷ፣ ላሟን ቡሬን ከግንዱ ጋር እያሰሩ።

ልጅቷ ወደ ግቢው በር አየች። የከብት ሐኪሙ እዚህ ግቢ የሚረግጠው በቡሬ ሰበብ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተያዩት ላሟን ሊያዳቅል የመጣ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቡሬ ሳታስነጥስም አስነጠሰች ተብሎ ይጠራል። ፍቅራቸውን ከላሟ በቀር ያወቀ የለም።

አባትየው ግን ቆርጠዋል። ቡሬ እየጮኸች ኮርማ ስትፈልግ አይተዋታል፤ ያረገዘች ላም ደግሞ ኮርማ አትፈልግም ባይ ናቸው።

ሐኪሙ ሲደርስ ልጅቷ የመታጠቢያ ውሃ እያቀበለችው አንሾካሾከችለት። «ባዶም ብትሆን ከብዳለች በል። አፈር ስሆን።»

ሐኪሙ እጁን ታጠበ። እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጠለቀና እጁን ከቡሬ ኋላ አስገባ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ከብዳለች» አለ። «አንዳንዷ አርግዛም ኮርማ ትፈልጋለች።»

አባትየው በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ልጅቷ ግን ሰላሟን አጣች። በር ድረስ ሸኘችው።

«ለእኔ ብለህ ነው አይደል?»

«እውነቴን ነው።»

«እኔን እንኳ አትዋሸኝ።»

ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ሳምንታት አለፉ። የቡሬ ሆድ ያው ነው። አባቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው፣ ለሚወለደው ጥጃ ገመድ መግመድ ጀመሩ። ልጅቷ ያንን ማየት አንጀቷ አልችል አለ።

«አባዬ፣ ተወው። ዋሽልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች እያለቀሰች።

አልተቆጡም። ገመዱን አስቀምጠው ባለልኳንዳውን ጠሩ። የሐኪሙ ውሸታምነትም በየበረቱ ተወራ።

ቡሬ ልትነዳ ስትል ሐኪሙ ወሬውን ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። ለማንም ሰላምታ አልሰጠም። የልጅቷን እጅ ይዞ ጡጫ አስጨበጣትና በቡሬ ቀኝ ጎን፣ ዝቅ አድርጎ አስደገፈው።

«ገፋ አድርጊና ጠብቂ።»

ገፋች። አንድ ጠጣር ነገር ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ወዲያው ተመልሶ ጡጫዋን መታ። ጽንሱ ነበር። አባቷ ፊቷን አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ ላሟን ከባለልኳንዳው እጅ ተቀበሉ።

«ይቅር በለኝ» አለችው ሐኪሙን።

«ዋሽ ስትዪኝ አልተቀየምኩም፤ ጨንቆሽ ነው። እውነቱን ስነግርሽ ግን እኔን ማመን አቃተሽ።»

«ስትወልድ ትመጣለህ?»

«ሌላ ሐኪም ይመጣል። ከእንግዲህ እዚህ አካባቢ ለእኔ በረቱን የሚከፍት የለም።»

ቡሬ በሰላም ወለደች። አባቷ ጥጃዋን በዚያው ገመድ አሰሯት። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷ ቀድማ ትሮጥ ነበር፤ አንድ ቀን ከፍታ ያገኘችው አዲሱን ሐኪም ነው። ጥጃዋን አገላብጦ አይቶ «ደህና ናት» አላት።

አንድም ነገር ሳትጠይቀው አመነችው።