ያለ ተከታይ የማይገባው በር ከፋች

ሬሳው የተገኘው ረቡዕ ጧት፣ ከሸዋ ሮቢት ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ጎርፍ ያመጣው ግንድ ላይ ተሰክቶ ነው። ሟቹ የሃያ ሁለት ዓመቱ የኋላሸት ነበር። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል። ያየ ሁሉ «ድንጋይ አስሮ ገባ» አለ። ምክንያትም አልጠፋም፤ ቅዳሜ በስልክ የተኩስ ጨዋታ ውድድር ተሸንፎ ሲያለቅስ ታይቷል። ከተማችን ለመፍረድ ቀጠሮ አትሰጥም።

እናቱን እትዬ ቆንጅትን ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል፤ ቄስ ሽፈራውም «ፖሊስ ራሱን አላጠፋም ካላለ እጄን አላነሣም» ብለዋቸዋል።

«ልጄን አትመልሺልኝም» አሉ ለኢንስፔክተር ፋዲላ። «ያለ ጸሎት እንዳይቀበርብኝ ብቻ።»

«ኢንሻአላህ፣ እትዬ» አለች ፋዲላ። ብዙ አትናገርም፤ ብዙ ግን ታያለች።

ገመዱ ሠላሳ ክንድ ይሆናል፤ ጫፉ አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም። የሟቹ ሱሪ እስከ ጭኑ ተጠቅልሏል። ስልኩ በሦስት ፌስታል ታሽጎ አንገቱ ላይ ታስሯል።

«ሊሞት የሄደ ሰው ስልኩ እንዳይረጥብ ይሳሳል?» አለች አጠገቧ ለቆመው ፖሊስ።

ከዚያ የኋላሸት ይጫወትበት ወደነበረው ጌም ቤት ሄደች። ባለቤቱ ጌታሰው ራሱ ከቡድኑ አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ጸደንያ የምትባል ወጣት፣ የኋላሸትና ታናሽ ወንድሙ ሀብታሙ ናቸው።

«የኋላሸት በቡድኑ ውስጥ ሥራው ምን ነበር?»

«በር ከፋች» አለ ጌታሰው። «ጠላት ያደፈጠበት ቤት መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።»

«ደፋር ነበራ።»

«ድፍረት ብቻማ ማንም አለው» አለች ጸደንያ፣ ዓይኗ እንዳበጠ። «በር ከፋች ሲገባ ሁሉም ወደሱ ይተኩሳል፤ ያኔ የተደበቁበት ይታወቃል። ተከታዩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ገብቶ ይጨርሳቸዋል። ተከታዩ ከዘገየ የሱ ሞት ከንቱ ነው። የኋላሸት ‹አለሁ፣ ግባ› ካልተባለ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።»

«ተከታዩስ ማነው?»

«ሀብታሙ። ሰሞኑን ይዘገይ ነበር። ቅዳሜም የተሸነፍነው በዚያ ነው።»

ጌታሰው መሬት መሬት አየ። ፋዲላም «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አትበለኝ» አለችው።

«ማክሰኞ ጧት ከአዲስ አበባ አንድ የጌም ቡድን የኋላሸትን ብቻ እንዲጫወትለት ጠራው። ሀብታሙ ‹ጠላት የምገድለው እኔ፣ የሚጠራው እሱ› ብሎ ወጣ። የኋላሸትም አስር ሰዓት ላይ ሊያባብለው ወደ ቤት ሄደ። እኔና ጸደንያ እስከ ምሽት እዚሁ ነበርን፤ ደንበኞቹን ጠይቂ።»

ጠየቀች፤ እውነት ነበር።

የሟች ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ሽንኩርት ማሳ ዳር ነው። ጎርፉ ስለጎደለ ተሻገረች። ሀብታሙን እጁን ጨብጣ አጽናናችው፤ እጁንም ቶሎ አልለቀቀችም።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ጎርፉ ሳይመጣ ተሻግሬ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። እናቴ ሌላ ሰፈር ለቅሶ ሄዳ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ፣ ቄሱም የቡድኑም ልጆች በተሰበሰቡበት ፋዲላ ገመዱን አወጣች።

«እትዬ፣ ይህን ያውቁታል?»

«የእኛ ነው። የሽንኩርት ጆንያ የምናስርበት።»

«የሮቢ ወንዝ ሲሞላ እንዴት ትሻገራላችሁ?»

«ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ከዚህ ገመድ እንወረውራለን፤ የሚመጣው በወገቡ አስሮ ይገባል፤ እዚህ ያለው ይጎትተዋል።»

«ትናንት እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደጋው ዘንቦ ነው ወንዙ የሞላው። ስልኩን ያሸገው ለዝናብ አይደለም። የኋላሸት ሱሪውን ሰብስቦ፣ ስልኩን አሽጎ ገባ፤ ወደ እናቱ ቤት ሊሻገር። ድንጋይ የሚያስር ሰው ሠላሳ ክንድ ገመድ ምን ያደርግለታል? ገመዱም ከዚህ ቤት ወጥቶ ወደ ማዶ ተወርውሯል። በጨዋታ እንኳ ‹ግባ› ሳይባል የማይገባ ልጅ፣ ጫፉን የያዘለት ሳይኖር ጎርፍ ውስጥ አይገባም። እዚህ ቤት ብቻውን የነበረው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ሀብታሙ ተንበረከከ። «ይዤው ነበር። ጎርፉ ነጠቀኝ።»

«የተነጠቀ ገመድ መዳፍ ይልጣል» አለች ፋዲላ በዝግታ። «ያንተ ጭረት የለበትም። ገመዱ ሳይወጠር ነው የለቀቅከው።»

ሀብታሙ ሊከራከር አፉን ሲከፍት እናቱ አቋረጡት።

«ገመዱን ስትለቀው ወንድምህ አየህ?»

«አየኝ።» ቀና ብሎ አያቸው። «አየኝ፣ እማዬ። ገመዱ ሲላላ ልስበው የተዘጋጀሁ መስሎት ወደ ፊት ተራመደ።»

ጸደንያ ፊቷን ሸፈነች። ፋዲላ ያን ቀን ሥራዋን ጠላች።

ቄስ ሽፈራው ተነሥተው «ፍትሐቱ ይደረጋል፤ ሬሳው ይነሣ» አሉ። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ወጣ፤ ሀብታሙም በሁለት ፖሊሶች መሀል ወደ ወንዙ ወረደ። እትዬ ቆንጅት የትኛውን ልጃቸውን እንደሚከተሉ ጠፍቷቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ቀሩ።