የክርስትና ስም የለኝም

ላስፈራችሁ ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

ልጄ ሊድያ ለነጻ የትምህርት ዕድል የምትልከው ማስረጃ በሙሉ ላፕቶፗ ውስጥ ነው። ምዝገባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ላፕቶፑ ደግሞ አልከፈት አለ።

የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሌባ ይወስደዋል፣ አንዱ ፎቶዋን ያወጣባታል እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ፣ ሰው በማያውቀው በክርስትና ስሟ ቆለፍኩት።

ወለተ ሥላሴ ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ።

ስህተት ነው አለ።

ደገምኩ። ስህተት!

«በትልቁ ፊደል ነበር በትንሹ?» አለች ሊድያ።

«በትንሹ! ስንቴ ልንገርሽ!»

«የክርስትና ስም ከሆነማ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት መጥተው ይክፈቱልና።»

«እኔ እዚህ እነዳለሁ፣ አንቺ ትቀልጃለሽ!»

አሁን መብራት ይጠፋል... ባትሪው ያልቃል... ልጄ እቤት ትቀራለች...

ድንገት ሊድያ ቀልዷን አቆመች።

«እማ... ይቺን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

ከይለፍ ቃል መጻፊያው ሳጥን ሥር፣ ለሚረሳ ሰው ማስታወሻ የምትሆን አጭር መስመር አለች። እኔ የጻፍኩት «የክርስትና ስም» ብዬ ብቻ ነው።

አሁን የሚነበበው ግን...

«የክርስትና ስም የለኝም።»

መስመሯን ደግሜ አነበብኳት።

ሊድያ መንታ ነበረች። አልነገርኳትም። እህቷ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ አረፈች። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ሊድያ የሌላት፣ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበራት።

«እንዝጋው» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ እማዬ! የሆነ ነገር ሞክሪ!»

ሳጥኑን ባዶውን ትቼ «ግባ» የሚለውን ተጫንኩ።

ተቀበለ።

አንድ ፎቶ ወጣ። ሊድያ ከኋላችን ያለው አልጋ ላይ ተቀምጣ... ዛሬ የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ።

«መቼ ተነሳሽው?»

«አልተነሳሁም።» ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «እማ... ጉንጯን እይው።»

ግራ ጉንጯ ላይ ምልክቱ አለ።

ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ።»

ገባኝ። ስም ያጣችው እህቷ ናት። ስም ጻፍኩላት።

ወለተ ማርያም።

ላፕቶፑ ተከፈተ። የሊድያ ማስረጃ ሁሉ በቦታው ነበር። ሊድያ እያለቀሰች ላከችው። «ደርሷል» የሚል መልስ ሲመጣ እጄን ይዛ ጨመቀችው።

ያኔ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ፎቶ ደግሜ አየሁት።

አልጋው ብቻ ነው። ማንም የለበትም።

ከኋላችን... አልጋው ሲጢጥ አለ።