ዘጠና አራት ማይል

ባርናባስ የተገኘው ጠዋት ነው። አርሊንግተን ውስጥ ባለችው ትንሽ የቤዝቦል ስታዲየም ሥር፣ ኳስ ወርዋሪዎቹ የብርዱን ወራት በሚለማመዱበት ረጅም አዳራሽ፣ ሰው ሠራሹ ሣር ላይ በጎኑ ተጋድሞ። ጆሮ ግንዱ አብጦ ጠቁሯል፤ አጠገቡ አንዲት ኳስ ወድቃለች። ከራስጌው ግድግዳው ላይ ደግሞ የኳሱን ፍጥነት በማይል የሚያሳየው ሰሌዳ፣ ማንም ስላላጠፋው፣ በቀይ ብርሃን ዘጠና አራት ይላል።

መርማሪ ሰርካዲስ ሰሌዳውን አይታ በረጅሙ ተነፈሰች። እረፍት ጠይቃ ለሦስተኛ ጊዜ «ከበዓሉ በኋላ» የተባለችው በዚያው ሳምንት ነበር። ጉልበቷ ያማታል፣ እንቅልፏ ከተቆራረጠ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ይኸው የአገሯ ሰው። ባርናባስን በዓይን ታውቀዋለች። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሞ የሚያስቀድስ፣ ሰው ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳያዘው ወንበር የሚያጥፍ ዝምተኛ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠላዋል?

ክለቡ ሄሮንስ ይባላል። ትልቅ ክለብ አይደለም፤ ጎበዝ ልጅ ሲያገኝ ለትልልቆቹ እየሸጠ የሚኖር ነው። በበጋ ልጆቹ ይጫወታሉ። ብርድ ሲገባ ግን ጨዋታው ቢሮ ይገባል፦ ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት፣ ለማን ስንት ይከፈል። የዚህ ጨዋታ አለቃ ጥዑመልሳን ነው፤ ፈረንጆቹ ቲም ይሉታል። ባርናባስን ኧርቪንግ ካለው የሆቴል ሒሳብ ክፍል አውጥቶ የደመወዝ ኃላፊ ያደረገው እሱ ነው። የተጫዋቾቹን ጡንቻ የምታክመውን ዓለምጌጥን ያስገባውም፣ ጥበቃውን ጋሽ ገመቹን የቀጠረውም እሱ። አንድ አበሻ የገባበት በር መች ይዘጋል! በራሱ ክንድ የመጣው ወርዋሪው ኖላዊ ብቻ ነው፤ ሌዊስቪል ያደገ፣ የዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሠራተኛው የይርጉ ልጅ።

ሬሳውን ያገኙት ጋሽ ገመቹ ናቸው። ሰርካዲስ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ትናንት ማምሻውን የአዳራሹን በር የሚከፍት ካርድ የነበራቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው አሏት፦ ጥዑመልሳን፣ ዓለምጌጥና ኖላዊ። ሦስቱም ሕንጻው ውስጥ አምሽተዋል። እሳቸው ራሳቸው ካርድ የላቸውም፤ ዋናው በር ላይ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ሲጨዋወቱ ነው ያመሹት፤ ሠራተኞቹም ይህንኑ መስክረዋል። ዛሬ የገቡት ጠዋት ብቻ በሚሠራው የጽዳቶቹ ካርድ ነው።

«ልጄ፣ ዘጠና አራት ማይል የሚወረውር ክንድ እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ልጅ ሰው ይገድላል ብዬ ግን አላምንም።»

የተባለው ልጅ በዚሁ መሀል ገባ። ረጅም፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ነው። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰርካዲስን ጨበጣት፤ ጋሽ ገመቹንም እንደዚያው። ሽማግሌው «አየሽልኝ አስተዳደግ» በሚል ዓይን አዩዋት። እውነት ነው፣ እዚህ አገር ተወልዶ እንዲህ ሰላም ማለት የሚያውቅ ስንቱ ነው? ኖላዊ ቀጠለና ፎቶ የሚያነሳውን ፖሊስ፣ የራሱን እኩያ ፈረንጅ፣ እሱንም እጁን ደግፎ ጨበጠው። ፈረንጁ ግራ ገባው። ሰርካዲስም ትንሽ ግራ ገባት፤ ግን ደክሟት ነበርና አለፈችው።

«ትናንት እዚህ ወርውረሃል?»

«አዎ፣ ወርውሬያለሁ። ሃያ ኳስ። እኔ ስወጣ ባርናባስ አልነበረም።»

ሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ ጠየቀችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ቃል በዚያው ቅደም ተከተል መለሰላት። ያጠኑት ነገር እንዲህ ነው።

ዓለምጌጥን ያገኘቻት በሕክምና ክፍሏ፣ ዓይኗ እስኪቀላ አልቅሳ ነው። ከባርናባስ ጋር ባለፈው ሳምንት ተጯጩኸው እንደነበር አልካደችም። ለመጪው ዓመት ወጪ ይቀነስ ሲባል የእሷን የሥራ ቦታ መጀመሪያ የሰረዘው እሱ ነበር። የጮኸችበትን ሁሉ ብትገድል ኖሮ ይህ ስታዲየም ባዶውን ይቀር እንደነበር ተናገረች። ሰርካዲስ ስለ ኖላዊ ክንድ ስትጠይቃት ግን ፊቷን አዞረች።

«የታካሚ ጉዳይ አልናገርም፤ የዳኛ ትእዛዝ አምጪ። መናገር ለሚገባኝ ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ይኸው ሞተ።»

ከዚያ ጥዑመልሳን ሁሉንም ስብሰባ ክፍል አስቀመጣቸው። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ነጭ ሰሌዳ ላይ የተጫዋቾቹ ስም በማግኔት ተለጥፏል፤ ከላይ የሚቆዩት፣ ከታች የሚሰናበቱት። ጥዑመልሳን ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት አለው። የባርናባስ ሚዜ እሱ ነበር። ስሙን ሲጠራ ድምፁ ተቆረጠ፤ ሰርካዲስ ደግሞ የውሸት ለቅሶ አይታ ታውቃለች፣ ይሄ የውሸት አልነበረም። ከማቀዝቀዣው ውሃ አወጣና የስታዲየም ሰው አይደል፣ ለዓለምጌጥ ወረወረላት፣ ለጋሽ ገመቹ ወረወረላቸው፣ ለሰርካዲስም ይቅርታ ብሎ ወረወረላት። የኖላዊን ግን ክዳኑን ከፍቶ፣ ሄዶ ግራ እጁ ላይ አስያዘው። የጥዑመልሳን ቀኝ መዳፍ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ግሪል ነው» አለ ስታየው። «ቅዳሜ ባርቢኪው ስጠብስ።»

ነገሩን ሲያስረዳ ቀጥተኛ ነበር። ከምሥራቅ ጠረፍ አንድ ትልቅ ክለብ የኖላዊን ኮንትራክት ሊገዛ ነው፤ ፊርማው ዛሬ ማታ ነው። ገዢዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፦ በዚህ ሳምንት ሃያ ውርወራ፣ ሁሉም ከዘጠና ሦስት ማይል በላይ። መለኪያው ፍጥነቱን በራሱ ወደ እነሱ ይልካል፤ ትናንት ተልኳል። በዚያ ገንዘብ ስድስት ልጆች ደመወዛቸው ይሸፈናል። ካልተሸጠ ስድስቱም ከሰሌዳው ታች ይወርዳሉ፤ ክለቡም መክረሙን እንጃ።

«ሶ፣ ክንዱ ጤነኛ ነው?» አለችው።

«እንደ ብረት! ለአንዲት ቀን እንኳ አሞት አያውቅም። ቁጥሩን እርስዎም አይተውታል።»

«ባርናባስስ በሽያጩ ተስማምቶ ነበር?»

«ባርናባስ ጠርጣራ ነበር» አለ ጥዑመልሳን፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ እንደሆነ። «ነፍሱን ይማር።»

ሰርካዲስ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ኳሷን በጓንት አንስታ ብርሃን ላይ አዞረቻት። በአንዱ ጎን ጥቁር የጎማ ጭረት አለ፣ በተቃራኒው ጎን ሌላ። ወርዋሪዎቹ የሚጠቀሙበት ባልዲ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አየች፤ በእጅ ላብ የወየቡ ናቸው እንጂ ጭረት የሚባል የላቸውም። አጠገቡ ያለውን የዕቃ ክፍል ከፈተች። ሸራ የለበሰ፣ ሁለት ሰው የሚያህል ክብደት ያለው የኳስ መወርወሪያ ማሽን ቆሟል። ኳስ የሚጎርሰው በሁለት ተሽከርካሪ ጎማዎች መሀል ነው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ኳሶች ሁሉ ያንኑ ጥንድ ጭረት ይዘዋል። ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን ስታይ ደግሞ ከአንደኛው ጠርዝ ላይ የደረቀ የቆዳ ቁራጭ ተጣብቆ አገኘች። ማሽኑን የነካ ሁሉ እጁን እንዲያሳይ ማድረግ ቀላል ነበር። የከበዳት የልጁ ነገር ነው።

ኖላዊን ፓርኪንጉ ውስጥ አገኘችው።

«ቀኝ እጅህን ወደ ላይ አንሣልኝ» አለችው።

አላነሣም። ቆሞ አያት፤ ከዚያ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ተደገፈ።

«ለሽማግሌ እጅ መደገፍ ወግ ነው» አለች። «ለዚያ ጎረምሳ ፈረንጅ ግን ለምን ደገፍክ? አክብሮት አይደለም፤ ክንድህ ብቻውን አይነሣም።»

«አንቲ፣ እስከ ማታ ጠብቂኝ» አላት። «ማታ ይፈርማሉ። ነገ የፈለግሽውን ተናገሪ። አባዬ ሃያ ዓመት የዕቃ ቦክስ ሲያነሳ ነው የኖረው። ማለቴ፣ እኔ ላሳርፈው ነው። ፕሊስ።»

አንጀቷን በላት። ለመዋሸት የሚያስፈልጋት ነገር የለም፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፍና መቆየት ብቻ ይበቃል፤ እሱም በጣም ያስፈልጋት ነበር። ግን እየዘገየች በሄደች ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ልጁን ለትልቁ ክለብ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ወረወርኩ ካለ፣ ኳሷ የሱ ናት። የባርናባስም ሞት የሱ ይሆናል።

«ባርናባስ የሞተው ያ ቁጥር ውሸት ነው ስላለ ነው» አለችው። «እኔ ደግሜ ልገድለው አልችልም፣ ልጄ።»

ስብሰባ ክፍሉ እንደገና ሞላ። ሰርካዲስ መቆም ስለሰለቻት ተቀምጣ ነው የጀመረችው።

«ትናንት ኖላዊ አንድም ኳስ አልወረወረም» አለች። ኖላዊ አንገቱን ደፋ። ኳሷ ላይ ያለውን ጥንድ ጭረት አሳየቻቸው፤ የሰው እጅ እንዲህ አያደርግም፣ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ደግሞ በራሱ እግር ወደ ዕቃ ክፍል አይመለስም፤ የገፋው፣ ሸራ ያለበሰው ሰው አለ። «እዚያ ማሽን ፊት ማንም ኳሱን በዱላ ሊመታ አልቆመም ነበር። ማሽኑ የሚወረውረው ለመለኪያው ነው። ገዢዎቹ ቁጥር ጠየቁ፣ አንድ ሰው ቁጥር እየሠራላቸው ነበር። ባርናባስ በዚያ መሀል ገባ።»

«ያ ሰው ኖላዊ ሊሆን ይችላላ» አለ ጥዑመልሳን። «ከሁሉ የሚጠቀመው እሱ ነው።»

«በአንድ ክንድ ያንን ብረት በበሩ ደፍ ላይ ማሳለፍ አይችልም። ደግሞ ጎማው ላይ የቀረ ቆዳ አለ፤ የኖላዊ መዳፍ ደህና ነው፣ ጨብጬዋለሁ።» ወደ ዓለምጌጥ ዞረች። «አንቺ ስለ ትከሻው ለባርናባስ ነገርሽው። አይደል?»

ዓለምጌጥ ራሷን ነቀነቀች። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ከወረወረ እስከ ወዲያኛው ይሰናከላል፣ እንዳትፈርም ብዬዋለሁ አለች።

«ሽያጩ እንዲቀር የፈለገች ሴት የሽያጩን ቁጥር አትሠራም። የቀረው ካርድ አንድ ነው።» ሰርካዲስ ጠርሙሷን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። «ጥዑመልሳን፣ ለሁላችንም ውሃ ወረወርክልን። የክለቡ አንደኛ ወርዋሪ ጋ ስትደርስ ክዳኑን ከፍተህ፣ ሄደህ ግራ እጁ ላይ አስያዝከው። ክንዱ እንደ ብረት ነው ባልክበት አፍ። አሳቢነትህ ነው ያጋለጠህ። አሁን ፕላስተሩን አንሣው።»

ጥዑመልሳን ቀስ ብሎ ላጠው። መዳፉ ላይ ቆዳው ተልጦ፣ ጥቁር የጎማ ቅንጣት ውስጡ ገብቷል።

ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ሃያኛዋ ኳስ ላይ ነበር። ባርናባስ በሩን ከፍቶ ገባና ማሽኑ ፊት ቆመ፤ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። «ተው ቲም፣ ልጁን እንዳንሸጠው፣ ስድስቱንም በሌላ መንገድ እናስባለን» ነበር ያለው። የሌላ መንገድ ወሬ ለስድስት ወር አውርተውት ነበር።

«ኳሷ እጄ ላይ ነበረች» አለ ጥዑመልሳን። «ደክሞኝ ነበር። ለቀቅኳት። እንደለቀቅኳት ጎማውን በእጄ ያዝኩት... እንዲቆም።»

«ኳሷ ሄዳለች» አለች ሰርካዲስ።

«ሄዳለች።»

ጠዋት ሬሳው ሳይገኝ ለኖላዊ ኮል አድርጎ፣ ወርውሬያለሁ በል፣ ቁጥሩ ተልኳል እንዳለው ኖላዊ ራሱ ተናገረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ጥዑመልሳን ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። የስድስቱ ልጆች ስም ከላይ እንደተለጠፈ ነው፤ የኖላዊም። ማን ያውርዳቸው? ጋሽ ገመቹ መብራቱን አጥፍተው በሩን ቆለፉት።

ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ጠረፍ ስልክ መጣ፤ ሽያጩ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይርጉ ደረሰ። ልጁ ፖሊስ ጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ የዌርሃውሱን ሰደርያ እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። ኖላዊን ፓርኪንጉ ውስጥ ሲያየው፣ እንደ ሁልጊዜው ትከሻውን በትከሻው ሊመታ እየሮጠ ሄደ። ኖላዊ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምን ሆንክ?» አለው ይርጉ ደንግጦ።

ኖላዊ ወደ ሰርካዲስ አየ። እሷ ደግሞ የመኪናዋን ቁልፍ የምትፈልግ መሰለች።

«ያመኛል አባዬ» አለ። «ከኦገስት ጀምሮ በጣም ያመኛል።»

ይርጉ የልጁን ቦርሳ ከትከሻው ላይ ተቀብሎ በራሱ አንገት ላይ አነገተው፤ ከዚያ በግራ በኩል ዞሮ አቀፈው።