ሞራና ኑግ

ወፍጮው እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸ። ጋሼ አለበል ሮጠው ሞተሩን እስኪያጠፉት ድረስ የተቃጠለ ነገር ሽታ ቤቱን ሞላው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እየሳሉ ወደ ደጅ ወጡ። እናትዓለም ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሽታውን ታውቀዋለች። የኑግ ዘይት ነው።

ጋሼ አለበል የቀበሌው ወፍጮ ሠራተኛ ናቸው። ወፍጮው ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ከተወረሰ ወዲህ ግን የሁሉም ስለሆነ ማንም ዕቃ አይገዛለትም። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ በዕድሜ እናትዓለምን ሁለት እጥፍ ይበልጣታል። ነሐሱ ተበልቶ ስለ ሳሳ ዘንጉ ውስጡ ይንገዳገዳል። ጋሼ አለበል ከወተት ጣሳ ላይ ስስ ቆርቆሮ እየቆረጡ በመሐል ይወሽቁለታል። ግራሶ ከገበያ ከጠፋ ጀምሮ ደግሞ የሚያለሰልሱት በበሬ ሞራ ነው። ጧት ጧት የዱላቸውን አንድ ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡታል። እናትዓለምንም አስተምረዋታል። «ሲያንጎራጉር ደህና ነው፤ ሲያፏጭ ፍሪ» ይሏታል።

እናቷ የሺመቤት እዚያው ወፍጮ ቤት እህል ትመዝናለች። የቅበላ እሑድ የኑግ ዘይት የሞላ ጠርሙስ አስያዘቻት።

«አለበል ዘመድ ጥየቃ ሐሙሲት ሄዷል። ያንን ሞራ ጥረጊልኝና ይህን አጠጪው።»

«ሞራው እኮ ዱቄቱን አይነካውም፣ እምዬ።»

«ጠብ ቢልበትስ? ከሐይቁ ደሴት በታንኳ የሚመጣው የገዳም እህል ነው። መነኮሳቱ በሁዳዴ ሞራ ይብሉ?»

እናትዓለም ጠረገች፤ አጠጣች። የትልቅ ሰው እግር የምታጥብ ያህል ተጠንቅቃ ነበር። ይኸው ሁለተኛው የጾም ሳምንት ሳያልቅ ወፍጮው ቆመ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሣህሉ ወዲያው ደረሱ።

«ይኼ አሻጥር ነው!»

«እርጅና ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሼ አለበል።

«ትናንት ያላረጀ ዛሬ አረጀ? ቅዳሜ ውይይት ላይ ‹ዕቃ ካልገዛችሁ ይቆማል› ያልከው አንተ አይደለህም? ይኸው ቆመልህ!»

«ተናገርሁ፤ ግን እኮ...»

«ግኑን ነገ ጧት ለኮሚቴው ትነግራለህ። ካላሳመንከን አብዮት ጥበቃ ይወስድሃል።»

አባ ሀብተ ሥላሴ፣ ጤፋቸው ገና ግማሹ እንኳ ያልተፈጨላቸው መነኩሴ፣ አቁማዳቸውን ተሸክመው ወደ ሐይቁ ወረዱ። እናትዓለም እናቷን ፈለገቻት። የሺመቤት ከሚዛኑ ኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ሰዉ ሲበተን ጋሼ አለበል ኩሽኔታውን ፈቱት። ነሐሱ ላይ ቢጫ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍራቸው ፋቁት፤ አሸተቱት።

«አንቺ ልጅ፣ ሞራ ሲቃጠል ሙጫ ይሆናል እንዴ?»

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«እኔም እንጃ። አርጅቷል፤ ማርጀቱንስ አርጅቷል። የገደለው ግን እርጅናው ይሁን ይህ ነገር...» አሉና አቋረጡት። ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረው ሙጫውን ጠርገው አጠፉት።

እናትዓለም ግራ ገባት። ለኮሚቴው ማስረጃ አድርገው የሚያሳዩት ሙጫውን አልነበረም እንዴ? አውቀው ነው የጠረጉት፣ ወይስ ሁልጊዜ የተፈታ ዕቃ ስለሚያጥቡ ብቻ? ፊታቸውን አየች፤ ምንም አይልም።

ቤት ሲገቡ በሩን ዘጋችው። «እምዬ፣ ዘይቱ ሙጫ ሆኗል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንናገር።»

«ምን ብለን? ለጾም ብለን ነው እንበል? ‹ሃይማኖትን ሽፋን አድርገው› ይሉናል። ያን ጊዜ የምንሄድበትን ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ አለበልስ?»

«እሱን መድኃኔ ዓለም ያወጣዋል» አለች እናቷ። ነጠላዋን አጣፋች።

«ኃጢአቱ የቱ ነው፣ እምዬ? ሞራው ነው ዘይቱ?»

የሺመቤት ወደ ግድግዳው ዞራ መጸለይ ጀመረች፤ የምትጸልየው ግን ለማን እንደሆነ እናትዓለም መለየት አቃታት።

በማግስቱ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ወጣች። ደብተሯ ሥር የኑጉ ጠርሙስ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ ዘይት ቀርቶታል። እየሄደች በልቧ ተለማመደች። «እናቴ ልካኝ...» አይሆንም። ተወችው። «አላወቅሁም ነበር...» እሱንም ተወችው።

መንታ መንገዱ ላይ የክፍሏ ልጅ አምሐ ጮኸባት። «አንቺ ፋራ! ትምህርት ቤት እኮ በዚህ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች፤ በዚያኛው ሄደች።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ተዘግቷል። ሳታስበው ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠጋች። በመጀመሪያ የጓድ ሣህሉ ድምፅ ተሰማት፤ ቀጥሎ የጋሼ አለበል።

«አርጅቶ ነው ብያችኋለሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ያ ሁልጊዜ የሚያንጎራጉር የሚመስለው ድምፃቸው ቀጥኗል። ያፏጫል።

እናትዓለም ጠርሙሱን ከደብተሯ ሥር አወጣችና በሩን አንኳኳች።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ኩሽኔታውን የቀባሁት እኔ ነኝ።»