ጎንበስ ከማለቱ በፊት

«ያ ቀሚስ እኮ የኔ ነው!»

ኤቴልካ ይህን ያለችው በሆዷ ነው። ከአፏ ቢወጣ ኖሮ መልበሻ ክፍሉ ይቀወጥ ነበር። ቪልማ ቀሚሱን ለብሳ ሳጥን ላይ ቆማለች። እትዬ ሳሮልታ ደግሞ ክራቸውን በጥርሳቸው እየበጠሱ የሰማያዊውን ቀሚስ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፋሉ። ያጠፉት አንድ ስንዝር ያህላል። ኤቴልካ እያንዳንዷ ስፌት ልቧ ላይ የምታርፍ መሰላት።

በቡዳፔስት መናፈሻ ውስጥ ባለው የትናንሾቹ ቲያትር ተዋንያኑ በሙሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እትዬ ሳሮልታም ሳይቀሩ፣ ቁመታቸው ከሌላው ሰው ወገብ እምብዛም አይዘልም። የቤቱ ደንብ አንድ ነው፦ ከሁሉም ትንሿ ልጅ ሁለት ድንክ ፈረሶች በሚጎትቱት ሰረገላ መድረክ ላይ ወጥታ ትርዒቱን ትዘጋለች። አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ልጅ ኤቴልካ ነበረች። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለቤቱ አቶ ግሩበር በቅርቡ ቪልማን ከገጠር አምጥተው ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አቆሟቸው። በቃ፣ ሰረገላው ሄደ። የባሰው ደግሞ ልጅቷ ትዘፍናለች።

ልኩ ሲያልቅ ቪልማ ቀሚሱን አውልቃ፣ ለፈረሶቹ ካሮት ልታበላ እየሮጠች ወጣች።

«ሾርባሽን ዛሬም አልነካሽውም» አሉ እትዬ ሳሮልታ።

«አልፈልግም። ምንም አልበላም።»

«ይሁን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ ሰውዬው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ መርፌያቸውን እየሰኩ «ለመሆኑ የእጁን ነገር አሳየሻት? ዛሬ ከሕዝብ ጋር የመጀመሪያ ቀኗ ነው» አሏት።

«አሳይቻታለሁ» አለች ኤቴልካ። ውሸቱ እንዲህ ቀልሎ መውጣቱ እሷንም ገረማት።

የእጁ ነገር እንዲህ ነው። ትርዒቱ ሲያልቅ ተመልካቹ ተዋንያኑን በቅርብ ለማየት ተሰልፎ መድረክ ላይ ይወጣል። ኤቴልካ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ በመጀመሪያ ቀኗ፣ አንድ ሥጋ ሻጭ ብድግ አድርጎ ክብደቷን ለጓደኞቹ ሲገምትላቸው አዳራሹ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ጫማዋ ወድቆ ማንም አላነሳላትም። የዚያን ቀን ማታ እትዬ ሳሮልታ እንባዋን ጠርገው አስተማሯት፦ «ሰውዬው ጎንበስ ከማለቱ በፊት እጅሽን ዘርጊለት። አገጭሽ ቀና፣ ዓይንሽ ዓይኑ ላይ። የእኛ አገር ወንድ የወይዘሮ እጅ ሲዘረጋለት መሳም በልጅነቱ የለመደው ነው፤ ሳያስበው ይስማል። አንዴ እጅሽን ከሳመ በኋላ እንደ ሕፃን ሊያቅፍሽ ያፍራል።» ከዚያ ወዲህ ኤቴልካን ያነሳት ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ቪልማ ከሰረገላው ላይ ሆና ስትዘፍን ሰው በየወንበሩ ላይ ቆሞ መሐረቡን አውለበለበ። አጨብጭቦ የማያውቀው የፈረሶቹ ጠባቂ እንኳን አጨበጨበ! ኤቴልካ ከመጋረጃው ጀርባ እርር ድብን አለች። የቪልማ ድምፅ አንዴ እንኳን በተሰነጠቀ ብላ ተመኘች። አልተሰነጠቀም።

ሰልፉ ሲመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ኤቴልካ እጇን ዘረጋች፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳሙላት። ቪልማ ግን ሁለት እጇን አጣምራ ፈገግ እንዳለች ቆማለች። አንድ ጢማም ሰውዬ ጎንበስ አለና ብብቷን ይዞ ወደ ላይ አነሳት።

«ውይ! ይቺ እኮ አሻንጉሊት ናት! እንኪ ያዣት!» ብሎ ለሚስቱ አቀበላት። ሚስቱ ለእህቷ፣ እህቷ ለጎረቤቷ። አንድ ነጭ ጫማ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እሰይ! የታባቷ! አለች ኤቴልካ በሆዷ። ደስታው እስከ ጆሮዋ አሞቃት። ግን በሰዎቹ ትከሻ መሃል የቪልማን ፊት አየችው። ልጅቷ ትስቃለች። ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ ይስቃል፣ ዓይኗ ግን ፈጦ ሰው ይፈልጋል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ኤቴልካ ፊቷን አዞረች።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጫማው ከመጋረጃው ስር ተጥሎ አገኘችው። መልበሻ ክፍል ስትገባ ቪልማ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች።

«ኤቲ፣ በደንብ ሳቅኩ?»

«ምን?»

«አቶ ግሩበር ፊትሽን እንዳታጠቁሪ ብለውኛል። አንዷ ሴትዮ ፀጉሬ የእውነት መሆኑን ልይ ብላ ጎተተችኝ እኮ! ወይኔ!» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት ቻልሽው?»

ኤቴልካ የጫማውን አቧራ በአውራ ጣቷ ጠረገች።

«እኔ በበኩሌ አልችልም። እሑድ አባዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አብሬው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለማንም እንዳትነግሪብኝ፣ እሺ? ሰረገላውም ላንቺ ይመለስልሻል።»

እሑድ ቅርብ ነው። የቀሚሱ እጥፋት ይተረተራል፣ ሰረገላውም ይመለሳል። ኤቴልካ አፏን ከመዝጋት በቀር ምንም አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ደግሞ ማን ያቅተዋል? ጫማውን በእጇ አገላበጠችው። ተረከዙ ተረግጦ ተጣሟል።

«ቁሚ» አለች።

«እ?»

«ቁሚ አልኩሽ! እኔ ጢማሙ ሰውዬ ነኝ።» ጣቷን ከአፍንጫዋ ስር እንደ ጢም አጋደመች። ቪልማ ሳቀች፤ አሁን የሳቀችው የእውነቷን ነው። «ጎንበስ ሳልል እጅሽን ዘርጊልኝ። አይደለም፣ እንደ ለማኝ አይደለም! አገጭሽ ቀና። ይኸው፣ ሳምኩልሽ። አሁን እስቲ ላንሳሽ ብል አያሳፍረኝም?»

ቪልማ እጇን አይታ፣ ኤቴልካን አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይህን ቀድሞም ታውቂው ነበር?»

«አዎ። እትዬ ሳሮልታ አሳየሻት ወይ ብለውኝ ነበር። አሳይቻታለሁ ብዬ ዋሸኋቸው።»

ቪልማ እጇን ነጠቀቻት። ውጭ የሁለተኛው ትርዒት ደወል ተደወለ። ኤቴልካ አንገቷን እንደደፋች ጠበቀች።

ከዚያ የቪልማ እጅ ተመልሶ ፊቷ መጣ። ቀና ስትል የቪልማ አገጭ ከፍ ብሏል፣ ዓይኗ የኤቴልካ ዓይን ላይ ተተክሏል፣ ፈገግታ የሚባል የለባትም።

«እንዴት ዋሉ፣ ጌታዬ» አለች ቪልማ።

ኧረ ጉድ፣ ያምርባታል! ከእኔም ይልቅ ያምርባታል አለች ኤቴልካ በሆዷ፤ አንጀቷ እንደገና ቅጥል አለ። ቢሆንም ጎንበስ ብላ የቪልማን እጅ ሳመች፣ ተንበርክካም ጫማዋን አጠለቀችላት።

«በይ ቶሎ በይ» አለቻት። «ሰረገላሽ ቀርቧል።»