ወደ ደቡብ የዞረው መብራት

የዶክተር ሙሉሃብት አስከሬን የተገኘው ከአሸተን ማርያም ገዳም መውረጃ ሥር፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ቋጥኝ ግርጌ ነው። ቋጥኙ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ባክቴሪያ ለመፋቅ በየሳምንቱ እንደምትወጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አዳልጧት ነው እንዳይባል ጃኬቷ ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ ሁለት ቁልፎቹም ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር ወድቀው ነበር።

ኢንስፔክተር እየሩስ ላሊበላ ስትደርስ ሰው ተይዞ ጠበቃት። ቋጥኙ ሥር ማሳ ያለው ገበሬ፣ ቢሆነኝ። «ገብሴን ትረግጣለች» እያለ ከሟቿ ጋር ሦስት ጊዜ ተጣልቷል። በማግስቱ ጠዋት በነፍስ ግድያ ወልድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

«ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበሩ፣ ጋሽ ቢሆነኝ?»

«ቤቴ።»

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ ብለው አልነበር?»

«ነበርኩ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣ አለ፤ እህሌን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁ።»

«ቤትዎ ሲገቡ ማን አየዎት?»

«በሬዎቼ። ይጠሩና ይመስክሩ!»

ባለወፍጮው የመብራቱን ነገር አረጋገጠ። ከተማው ሁሉ ጠፍቶ የመጣው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ግን የት እንደሄደ አላየም። የገዳሙ አባ አረጋም በበኩላቸው የግድያውን ሰዓት አጸኑት። «ለቅዳሴ ልንገባ ስንል ነው ጩኸት የሰማነው፣ ሰባት ገደማ። ከብት የጠፋበት ሰው መስሎን ዝም አልን። እግዜር ይቅር ይበለን።»

ሟቿ የምትሠራው ከተማ ውስጥ በተከራየችው አንድ ክፍል ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት መብራት ብቻ አለች። የሥራ ባልደረቦቿ ሁለት ናቸው። የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ነጅሚያ ከማክሰኞ ጀምሮ ኩልመስክ ከተማ ሠርግ ላይ ነበረች፤ ሠርገኛው ሁሉ አይቷታል። ዶክተር ደሳለ ግን ከዚህ ክፍል አልወጣሁም ይላል።

«ምስክር አለዎት?»

«ከሰው የተሻለ አለኝ» አለና ክብ የመስታወት ሳህን አቀበላት። በረጋው ጄሊ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይሄዳል። «ባክቴሪያዎቹ መብራቱን ይከተላሉ። ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱን በምሥራቅ አቆምኩ፣ አምስት ላይ ወደ ደቡብ አዞርኩ፣ ሰባት ላይ ወደ ምዕራብ። መዝገቡም ይኸውና። ሰው ከሌለ መብራት አይዞርም።»

እየሩስ ሳህኑን በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጅሚያን ብቻዋን ወደ ደጅ ጠራቻት።

«ዓይን የላቸው፣ በምን ያያሉ?»

«በገላቸው ነው፣ እትዬ። ክብ ገላው ራሱ እንደ አጉሊ መነጽርሽ ነው። በዚህ የገባው ብርሃን በዚያኛው ጠርዝ ላይ ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ጠርዙ ላይ ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን አለ፤ ነጥቡ ሲያርፍበት ይለወጥና ጸጉር መሰል እግሮቹን ከነጥቡ ራቁ ይላቸዋል። ከነጥቡ ሲሸሽ ወደ መብራቱ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዶክተር አራት ዓመት ለፍታለች።»

«በጨለማስ?»

«አቅጣጫውን ማን ይነግረዋል? እዚያው ባለበት ሲንከላወስ ይውላል።»

«መብራቷ ባትሪ አላት?»

«ኧረ ወላሂ! በሶኬት ብቻ ናት። ጄኔሬተር ግዙልን ብለን ለምነን ሰልችቶናል።»

እየሩስ የድሮ ሳህኖች የሚቀመጡበትን ማቀዝቀዣ እንድትፈትሽ አዘዘቻት። ነጅሚያ ከፈተሸች በኋላ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ቢሆነኝን ከነካቴናው አምጥተው ከደሳለና ከነጅሚያ ጋር በዚያው ክፍል አቆሙት። አባ አረጋም መጥተው ነበር።

«የዶክተር ሙሉሃብት ቦርሳ ውስጥ ያልተላከ ደብዳቤ አግኝቻለሁ» አለች እየሩስ። «ከዶክተር ደሳለ ጋር ያሳተመችው ጥናት እንዲሰረዝ ትጠይቃለች። ምክንያቱን አልጻፈችም። ምክንያቱ ይህ ሳህን ነው።»

«ሳህኑ እኔ እዚህ እንደነበርኩ ነው የሚናገረው» አለ ደሳለ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ወደ ደቡብ ያዞሩት?»

«አምስት ላይ። አልኩ እኮ!»

«ከዚያ እስከ ሰባት ወደ ደቡብ ሄዱ?»

«ይታያል አይደል? ሦስቱም እኩል ናቸው።»

«ይታያል። ክፉ ነገሩም እሱ ነው። ረቡዕ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ከተማው ውስጥ መብራት ጠፍቷል። የመጣው ከሰባት በኋላ ነው። በዚያ ጨለማ የደቡቡ መስመር ከየት መጣ?»

ደሳለ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ።

«ክፍሉ ውስጥ ቢሆኑ መብራት መጥፋቱን ያውቁ ነበር። ተራራው ላይ ሆነው ግን አያውቁም። ሲመለሱ መብራቱ መጥቶ ነበር፤ ድሮ የተሠራ ሳህን አውጥተው መዝገቡን ሞሉ። ነጅሚያ፣ ያገኘሽውን አሳያቸው።»

ነጅሚያ አምስት ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሁሉም ላይ ያው እኩል ደረጃ ነበር፤ የተጻፈባቸው ቀን ግን ይለያያል።

«በአንድ ቀን ሠርተው የአምስት ቀን አስመሰሉት» አለች እያለቀሰች። «እኛ ሌሊትና ቀን ስንቆጥር!»

«ሟቿ ደረሰችበት» አለች እየሩስ። «ቀኑን በሐሰት መሙላት ልማድዎ ስለሆነ፣ የግድያውንም ቀን በለመዱት መንገድ ሞሉት።»

«ልለምናት ነው የወጣሁት» አለ ደሳለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «አንድ ዓመት ታገሽኝ አልኳት። ደብዳቤውን ስጪኝ ብዬ ጃኬቷን ያዝኩ። አልሰጥም ብላ ወደ ኋላ...»

«ጩኸቷን ሰምተው ወረዱ?»

ደሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባ አረጋ አንገታቸውን ደፉ።

ደሳለን ሲያወጡት ካቴናው ከቢሆነኝ እጅ ተፈታ። ሰውዬው ግን አልሄደም።

«ነጻ ነዎት፣ ጋሽ ቢሆነኝ። ይሂዱ እንጂ።»

«ወዴት? ሲያስሩኝ ሰው ሁሉ አይቷል። ስትፈቺኝ ያየ የለም። ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ተብለው ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። ወረቀት ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

እየሩስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አራት መስመር ጻፈች፣ ፈረመች፣ ጮክ ብላ አነበበችለት።

ቢሆነኝ ወረቀቱን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም። ወደ በሩ ሄዶ ወለል አድርጎ ከፈተው። ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ በሩ ዞረ።

«አሁን» አለ፣ «እንደገና አንብቢው።»