የኢንሽቤግ መሻገሪያ ሰሌዳ

ፌስቲ እንዲህ አለ፦ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። ሆላንዳዊው አንብቦታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደሴቱ ሲነሳ አየሁትና፣ እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ «ተመለስ! ባሕሩ እየገባ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። እጁን አውለብልቦልኝ መንገዱን ቀጠለ።

ዴልያ ደግሞ እንዲህ አለች፦ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው። ጠዋት ውሻዬን ይዤ ስወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ቁርስ ላይ ለእንግዶቼ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። የሰው ጩኸት አልሰማሁም።

ሳጅን ዴርቭላ ሁለቱንም ቃል በደብተሯ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ባሕሩ አየች።

የሆላንዳዊው የያፕ አስከሬን ሸራ ለብሶ አሸዋው ዳር ተጋድሟል። የነፍስ አድን ጀልባ ያገኘው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ኢንሽቤግ ውኃው ሲሸሽ በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ብቻ የሚደረስባት ደሴት ናት። ውኃው ከፊት አይመጣም፤ በጎን በኩል፣ አሸዋውን አቋርጦ በሚያልፈው ጎድጓዳ ሹልክ ብሎ ይገባል። የመጨረሻውን የመመለሻ ሰዓት በየጠዋቱ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የሚጽፈው ፌስቲ ነው። ለእንግዶች ፈረስ የሚያከራየውም እሱ ነው።

የዴርቭላ እናት ወንድም ነው። ዴልያ ተሳስታ እንድትገኝ ዴርቭላ ክፉኛ ተመኘች።

ወደ ዴልያ የእንግዳ ማረፊያ ተመለሰች።

«መነጽርሽን አድርገሽ ነበር?»

«አድርጌ ነበር።»

«ሰው እኮ...»

«ሰው እኮ ሼሪ ወይን ትጠጣለች ይላል፤ አይደል? እጠጣለሁ! ግን ከራት በኋላ ነው። ስምንትን ከዘጠኝ የማልለይ ከሆነ የአሥር እንግዳ እንቁላል ማን ቆጥሮ ይቀቅልልኛል? አንቺ ነሽ?»

የሟች ሚስት ሂልደ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ስላመማት አልተሻገረችም። ፊት ለፊቷ ያፕ በእርሳስ ምልክት ያደረገበት ወረቀት አለ፦ አቆስጣ የተባሉትን የባሕር እንስሳት በጀልባ ማየት፣ ፈረስ መጋለብ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ መቅመስ። ምልክት ያልተደረገበት አንድ ብቻ ነው፤ የደሴቱ ጠበል።

«ባሌ አውቶቡስ እንኳ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሄዶ ነው የሚጠብቀው» አለች። «በጠራ ሰማይ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ነው። የፈረሱ ሰውዬ ተጣርቶ ነበር እያሉኝ ነው። ልጆቼ ሲደውሉ ምን ልበላቸው? አባታችሁ ተጠርቶ እምቢ አለ ልበል?»

 ዴርቭላ መቀመጥ አልቻለችም። ወጣች።

ሰሌዳው ፊት ቆመች። ዛሬ፦ ስምንት ሰዓት ከአርባ። ከሥሩ፣ ነገ፦ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት።

ሄደች። ተመለሰች። እንደገና አነበበች።

እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። ባሕሩ በየቀኑ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይዘገያል እንጂ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አይዘልም። የዛሬው ዘጠኝ ከአርባ ቢሆን ኖሮ የነገው ልክ ይመጣ ነበር። አንድ ሰው የዛሬውን መስመር አርሞታል። የነገውን ረስቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተነሳውን ሰው ባሕሩ ስለወሰደው ትክክለኛው ስምንት ከአርባው ነው፤ ስለዚህ ነገም እንግዶችን የሚጠብቃቸው በአንድ ሰዓት የዘገየ ቁጥር ነው። ፎቶ አነሳችውና የነገውን መስመር በእጅጌዋ አጠፋችው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ብላ ጻፈችበት። 

ፌስቲ በረት ውስጥ ፈረስ ይቦርሻል። አንዱን ቦታ ብቻ ደጋግሞ።

«አጎቴ፣ የባሕር ሰዓት መጽሐፍህን አሳየኝ።»

«ለምን?»

«አሳየኝ።»

ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላበትን ሰዓት የሚዘረዝረውን መጽሐፍ ከኪሱ አወጣው። አዲስ ነው።

«የድሮውስ?»

«ትናንት ከጀልባው ወደቀብኝ። ይኼን ከሱቅ ገዛሁ።»

የድሮው መጽሐፍ የሚታተመው በክረምት ሰዓት ነበር። እዚህ በበጋ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ፣ ሰው ሁሉ ሳያስብ አንድ ሰዓት ይደምርበታል። ዴርቭላ የአዲሱን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። በደቃቅ ፊደል፦ የበጋው ሰዓት ተደምሯል።

«አንተም ደመርክበት» አለች።

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«አርባ ዓመት ደምሬያለሁ፣ ልጄ። እጄ ነው የደመረው። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ፈረስ መጫን ነበረብኝ፤ ባሕሩን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

«ጮህክለት?»

ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሳ።

«አጎቴ፣ ጮህክለት ወይ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ኮርቻ እያጠበቅኩ ነበር። ዞር ስል ባርኔጣው ብቻ ነው የታየኝ። ደወልኩ፤ ጀልባዋን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ...» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ከዚያ የሰሌዳውን ዘጠኝ አጥፍቼ ስምንት አደረግሁት።»

«ለምን?»

«መሻገሪያው ይዘጋል። የቅዳሜው የፈረስ እሽቅድድም ይቀራል። ፌስቲ ባሕር ማንበብ አቃተው ይላሉ። የሞተ ሰው ደግሞ አይከራከረኝም ብዬ ነው።»

ይህን ሲል ራሱም የደነገጠ ይመስላል። ቀረብ አላት።

«ዴርቭላ፣ ስህተቱን ጻፊው። ስህተት የማንም ነው። የጩኸቱን ነገር ግን ተዪልኝ። ፈርቶ ተምታታበት በዪ። በእናትሽ ይዤሻለሁ። ሰፈሩ ለስህተት ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ለዚያኛው አይልም።»

ዴርቭላ ፈረሱን አየች። አጎቷን አየች። ይህ ሰው ነው ዋና ያስተማራት፤ ሆዷን በመዳፉ ደግፎ፣ እዚሁ ውኃ ላይ። በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። ማዶ፣ የዴልያ ወጥ ቤት መስኮት ላይ የሂልደ ጀርባ ይታያል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

ዴርቭላ ደብተሯን አወጣች።

«ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ አጎቴ» አለች። «ያልጮህከውን ጩኸት ግን አስቀድሜ ነው የምጽፈው። አሁኑኑ ሄጄም ለሴትየዋ አነብላታለሁ።»